ስለ እናቴ ለተማሪዎቼ የተናገርኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ለቡ ወዳለው ቤቴ መጥታ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ቀና አለችና፣ «እማማ፣ ጥቁር አሜሪካውያን አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ የሚቀመጡት ለምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። የታሪክ አስተማሪ እንደነበርኩ ታውቃለች። እየመለስኩላት ሳለ ሐሳቤ ወደ መጀመሪያዎቹ የማስተማር ዓመታቴ ሄደ።

ያኔ አዲስ አበባ ዳር በማስተምርበት ሀና ማርያም አካባቢ ገና ጤፍ ይዘራ ነበር። ትምህርት የሚጀመረው የክረምቱ ጭቃ ሳይደርቅ ስለሆነ፣ ክፍል የምንገባው ጫማችንን በር ላይ በእንጨት እየፋቅን ነበር። የምኖረው እትዬ አስካለ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቆጣ የሚሉ ግን ደግ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሰላማዊት ተማሪዬ ነበረች።

አንድ ቀን ያንኑ የአውቶቡስ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቹ በጣም ተናደዱ። «ሰው ከሰው ጋር አልቀመጥም ይላል እንዴ?» አለ አንዱ። ሰላማዊት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኛ አገር ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም አይደል?»

«የለም» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አዲስ አበባ ከመጣሁ ጀምሮ ስለ ቤተሰቤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጠመኔውን አስቀመጥኩና «እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አልኳቸው። ደቡብ ውስጥ ባደግኩበት መንደር ጎረቤቶቻችን ከእሷ እጅ ድስትና እንስራ ይገዛሉ፤ ቤታቸው ስትሄድ ግን በአፏ የነካችውን ዕቃ መልሰው ላለመንካት ውሃ የሚሰጧት በኮባ ቅጠል ነበር። እኔንም ከደጃፍ አያሳልፉኝም። ደወሉ ሲደወል እንኳ ወዲያው የተነሣ ተማሪ አልነበረም።

አመሻሽ ላይ ሰላማዊት ለእናቷ ስታወራ በስሱ ግድግዳ በኩል ሰማሁ። በማግስቱ የእትዬ አስካለ ሰላምታ አጠር ያለ ነበር። ሌላ ቤት መፈለግ ሊኖርብኝ ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

ቅዳሜ ዕለት ጎመን በቆጮ አዘጋጅቼ ልበላ ስል በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው። ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ባደግኩበት አገርም እንዲሁ ነበር» አሉ። «አንጥረኛ ቤት ምንም እንዳትቀምሱ እየተባልን ነው ያደግነው። ለምን እንደሆነ ግን የነገረኝ ሰው የለም።»

ዓይናቸውን ወዳዘጋጀሁት ምግብ መለሱ።

«ምሳ አታቀርቢም እንዴ?»

አቀረብኩ። እጃቸውን ታጠቡና ከአንድ ሳህን በላን። ቆጮው ኮምጠጥ ብሏቸው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፤ ቢሆንም እስኪያልቅ በሉ። ሲወጡ «ሚጥሚጣ ጨምሪበት» አሉኝ። እዚያ ግቢ እስካገባ ድረስ ኖርኩ።

«ይቅርታ ጠየቁሽ?» አለችኝ የልጅ ልጄ ይህን ስነግራት። አልጠየቁኝም፤ እኔን የበደሉኝ ነገር አልነበረም። እትዬ አስካለ ካረፉ ቆይተዋል። በዚያ ሳምንት ለብቻቸው ምን ሲያስቡ እንደሰነበቱ ጠይቄያቸው ቢሆን ደስ ባለኝ። ብዙ ዓመት ስለ መብት ሳስተምር የማወራው ስለ ትልልቅ ሰልፎችና ስለ ሕጎች ነበር። ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲለወጥ በዓይኔ ያየሁት ግን ከእትዬ አስካለ ጋር ምሳ የበላሁ ለት ነው።