ወደ ደሃና የወሰድኩት ማረሻ

ከወልድያ የተነሳሁት ማክሰኞ ንጋት ላይ ነው። ሥራዬ ቀላል ይመስላል፤ የሰቆጣ የሙያ ተማሪዎችን «ስትመረቁ የራሳችሁን ሥራ ለመጀመር ታስባላችሁ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ የወላጆችንም አሳብ መስማት። አውቶብሱ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያስቅመን ውሎ አመሻሽ ላይ ሰቆጣ አወረደን። ሽሮ በልቼ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ሰቆጣ

ባደልኳቸው ፎርም ላይ አብዛኞቹ ተማሪዎች «የመንግሥት ሥራ ካገኘሁ» ብለው ጻፉ። አልፈርድባቸውም፤ ያደጉት የተዘጋ ሱቅ እያዩ ነው። ትርፌ የምትባል የብረታ ብረት ተማሪ ግን ገጹን ሞላችው። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ማረሻና በር የሚሠራ ቤት ልትከፍት ነው። ባዶ የተወችው «ሥራሽን አይቶ የወደደ ደንበኛ አለ?» የሚለውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ወደ ደሃና፣ ወደ አገሯ እንደምሄድ ስትሰማ በጨርቅ የተጠቀለለ ማረሻ አመጣች። ራሷ የሠራችው ነው።

«ለአባቴ ያድርሱልኝ፣ መምህር። ከገበያ ገዝታልዎት ነው ይበሉልኝ።»

«ለምን?»

«ኮምፒውተር የምማር ነው የሚመስላቸው። አደራ፣ ስመረቅ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ሐሙስ፣ ደሃና

ሚኒባሱ ካደረሰን በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ወጣሁ። ገብሱ ቀጭጯል። አባቷ ቄስ ምስጋናው መስቀል አሳልመው አስገቡኝ፤ ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ጠላ ቀረበ። «ትርፌ ከገበያ ገዝታልዎት ነው» ብዬ ማረሻውን ሰጠኋቸው፤ አገላብጠው አዩት፣ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት።

«የሠራው እጅ ይባረክ!» አሉ።

ይህን ስሰማ ልቤ ሞቀ። ከመረቁማ ምን ይደበቃል?

«የልጅዎ እጅ ነው፣ አባ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጎረቤቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ቄሱ ማረሻውን ቀስ ብለው ከደጅ አኖሩት።

«የቄስ ልጅ ቀጥቃጭ ሆነች?»

ሙያ ክቡር ነው ምናምን እያልኩ ቀባጠርኩ።

«ልጄ፣ አንተ ነገ አገርህ ትገባለህ። እኔ ከዚሁ ነኝ። የቀጥቃጭ እህት ከተባሉ ታናናሾቿን ማን ያገባልኛል? ንገራት፣ ትምጣ።»

ዓርብ፣ ሰቆጣ

ነገርኳት። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሥራውንስ ምን አሉት?» አለች።

«‹የሠራው እጅ ይባረክ› ብለዋል፤ ሳያውቁ።»

ፎርሟን ተቀብላ ጥግ ሄዳ ጻፈችበት፤ አጥፋ መለሰችልኝ። ከሰዓት ልብሷን ሸክፋ ወደ ደሃና ተሳፈረች።

ቅዳሜ፣ ወልድያ

ቤቴ ገብቼ ፎርሙን ገለጥኩት። አሳባቸውን ልጠይቅ ሄጄ አደራ በልቼ ተመለስኩ፤ ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፣ ያፍራል ፊቴ። ማረሻውን፣ በሩን፣ ጓደኞቿን፣ ሁሉንም ሰርዛዋለች። ያልተሰረዘው ባዶ የነበረው መስመር ነው። «ሥራሽን አይቶ የወደደ ደንበኛ አለ?» ከሚለው ሥር እንዲህ ጽፋለች፦

«አንድ። አባቴ።»