ለአባቴ ያልገዛሁት አምባር

አባቴን አንቱ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት በቀረኝ በዚህ ዕድሜዬም አንቱ ነው የምላቸው። ሁለቱ ሴቶች ልጆቼ ግን በስዊድንኛ «ዱ» ይሏቸዋል፤ አንተ ማለት ነው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «አቤት» ይላሉ። እኛን በግልምጫ ብቻ ሲያንቀጠቅጡን የኖሩ ሰው ለእነዚህ ቀበጦች አቤት ሲሉ ስሰማ እርር ድብን እል ነበር። ቅናት ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

በልጅነቴ አዲስ አበባ በነበረው ቤታችን አባቴ ሳይበሉ የሚበላ አልነበረም። እኛ ልጆች ግድግዳ ተደግፈን ቆመን እንጠብቃለን፤ እሳቸው በልተው ሲነሡ ወደተረፈው እንቀርባለን። እስከዚያ ማውራት ክልክል ነው፣ ማዛጋትም። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን ረሃቡ ጠናብኝና ከትሪው ዳር ቁራጭ ሥጋ ላነሣ እጄን ዘረጋሁ። «እጅሽን ሰብስቢ» አሉኝ። አልመቱኝም። ከፊት ለፊታቸው አቆሙኝና ዓይኔን እንዳልነቅል አዘው፣ ቀስ እያሉ እያላመጡ፣ ትሪው ባዶ እስኪሆን በሉ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ባለፈው ነሐሴ ልጆቼ ትምህርት ሊጀምሩ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ወደ መጫወቻ መናፈሻ ልወስዳቸው ቃል ገባሁ። ትልቋ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ትንሿ ስምንት። የምንኖረው ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር ነው። አባቴ እናቴ ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰፈር፣ ሪንከቢ፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። ትንሿ ልጄ አያቴ ካልመጣ አልሄድም ብላ ስላስቸገረችኝ እሳቸውንም ልንጨምር ተስማማን።

የምግቡን ነገር ያመጣችው ትልቋ ናት። ስልኳን ይዛ መጣችና መናፈሻው ቀድሞ የሚከፈልበት ምግብ እንዳለው አነበበችልኝ። የከፈለ ሰው እጁ ላይ አምባር ይታሰርለታል፣ ቀኑን ሙሉ የፈለገውን ይበላል፣ ይጠጣል። ግን ቀድሞ ካልተገዛ በሩ ላይ አይገኝም፤ አምባር ያሰረው ሰው ያነሣውንም ሌላ ሰው መንካት የለበትም። ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ክርክር በቤታችን ሦስት ቀን ፈጀ። እኔ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ጥብስ ድንች ወጪው ምን ያህል ኢምንት እንደሆነ፣ ሰው ሁለት ሰሃን ሲበላ ሦስተኛውን ሲያየው እንኳ እንደሚያንገሸግሸው በደንብ አውቃለሁ። የሚያተርፈው መናፈሻው ነው ብዬ ተከራከርኩ። ልጆቼ ደግሞ ምሳም መክሰስም እራትም እዚያው እንበላለን ብለው ማሉልኝ። በመጨረሻ ተሸነፍኩና ለሦስታችን ገዛሁ።

የቀረው የአባቴ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው። አባቴ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምሱም፤ ከዚያ በኋላም ሥጋና ወተት የነካው ነገር አፋቸው አይገባም። የስኳር በሽታ አለባቸው። ሐኪማቸው ለምኗቸዋል፣ እኔ አልቅሼ ለምኛቸዋለሁ፣ የንስሐ አባታቸው ጭምር መክረዋቸዋል፤ አንድ ቀን አጉድለው አያውቁም። እንዲህ ላለ ሰው የምግብ አምባር መግዛት ገንዘብ ባሕር ውስጥ መጣል ነው። ትልቋ ልጄ ግን ጠይቂያቸዋ አለችኝ። ምን ይጠየቃል፣ የታወቀ ነገር ነው አልኳትና ስልኳን መለስኩላት።

እውነቱን ልናገር። ጾሙ ምክንያት ሆነልኝ እንጂ ሌላም ነገር ነበረኝ። ሦስታችን ስንበላ እሳቸው ባዶ እጃቸውን ተቀምጠው በሐሳቤ መጡብኝና ደስ አለኝ። ክፉ ደስታ ነበር፤ ሳህን እያጠብኩ ብቻዬን ፈገግ አልኩ።

ደውዬ ቀኑንና ሰዓቱን ስነግራቸው አባቴ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ምሳ የምንበላው አንድ ላይ ነው ወይ አሉ። አዎ አባባ፣ ሁላችንም አንድ ላይ ነን አልኩና ስለ መገናኛችን ማውራት ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይተው እንደገና ያንኑ ጠየቁኝ። አሁንስ እርጅናው ያዛቸው ብዬ በሐሳቤ አሾፍኩባቸው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት መናፈሻው በር ላይ ቀድመውን ደርሰው አገኘናቸው። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣ አድርገው፣ ጫማቸውን ወልውለው ነበር። ወደ መጫወቻው ባቡር፣ ወደ ሮለር ኮስተር ሳይሆን ወደ ሠርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። በር ላይ የቆመችው ወጣት ለእኔና ለልጆቼ አምባር ስታስር እሳቸውም የእጅጌያቸውን ቁልፍ ፈትተው ክንዳቸውን ዘረጉላት። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ወደ እኔ አየች። የእርስዎ የመግቢያ ብቻ ነው አባባ፣ ይሄ የምግብ ነው አልኳቸው። እሺ አሉና ቁልፉን መልሰው ለመቆለፍ ሲታገሉ ትልቋ ልጄ ረዳቻቸው።

በስድስት ሰዓት ለምሳ ተቀመጥን። ሦስት ሰሃን ዶሮና ድንች፣ ሦስት ትልልቅ ብርጭቆ ለስላሳ ከፊታችን ተደረደረ። አባቴ እጃቸውን ታጥበው መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ዳር አኖሩና ቆመው ማዕዱን ባረኩ። ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር፤ ከጎናችን የተቀመጡት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ልክ ሲቀመጡ በሉ እንግዲህ አሉና ከትንሿ ሰሃን ድንች ሊያነሡ እጃቸውን ሰደዱ።

ትንሿ ሰሃኗን ወደ ራሷ ሳበች። በስዊድንኛ አይፈቀድም አለቻቸው፣ አምባር የለህም። የእሳቸውንም የእጅ አንጓ በጣቷ ነካ አድርጋ አሳየቻቸው። እዚያ ያለው አሮጌ ሰዓታቸው ብቻ ነው።

ልጅ ናት፤ የተነገራትን ሕግ ነው የጠበቀችው። እኔ ግን ልጅ አልነበርኩም። ኪሴ ውስጥ ካርድ ነበረኝ፤ የምግብ መሸጫው ከጀርባዬ አሥር እርምጃ አይሆንም፤ ተነሥቼ አንድ ሰሃን በገንዘቤ ብገዛላቸው የሚከለክለኝ አልነበረም።

«አባባ፣ ጾም አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ልጆቹም እንዲሰሙ።

አባቴ ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አዎ» አሉ። «ጾም ነው።»

እኔም ወደ ዶሮዬ ዞርኩ። ቀስ ብዬ እያላመጥኩ በላሁ። ሁለተኛ ሰሃን አመጣሁ፣ ዋጋው እንዲወጣ ሦስተኛም ጨመርኩ። ሆዴ ተወጥሮ ቀበቶዬን አላላሁ፤ ግን መብላቴን አላቆምኩም። እሳቸው ልጆቹ የሚወጡበትን ሮለር ኮስተር ሲያዩ ቆዩ፤ በኋላም የሦስታችንን ጃኬት አቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ዋሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባቴ በጾም ወቅት ቆሎ ከኪሳቸው አይለይም፤ ያን ቀን ግን ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ምነው ቆሎ አልያዙም ስላቸው ረሳሁት አሉኝ። ያኔ ደንገጥ አልኩና ሙዝና ውሃ ገዛሁላቸው። ሙዙን ልጠው በሉና አመሰገኑኝ። ማታም ከምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ ተለያየን፤ እሳቸው በሰማያዊው መስመር ወደ ሪንከቢ፣ እኛ በአረንጓዴው ወደ ሄሰልቢ።

ሥራ ስመለስ አምባሩ ያዋጣል ወይ ብለው ጓደኞቼ ጠየቁኝ። ለሚበላ ሰው ያዋጣል አልኳቸው።

ጾሙ በተፈታ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳለ የአባቴን የንስሐ አባት በር ላይ አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ላልፍ ስል ያዝ አደረጉኝና ያን ቀን ከልጆቹ ጋር ምሳው እንዴት ሆነ አሉኝ። ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

«ስንት ዓመት ሙሉ ይብሉ ብላቸው እምቢ ያሉኝ ሰው ዘንድሮ ራሳቸው መጥተው አንድ ቀን አስፈቀዱኝ» አሉ ቄሱ። «ከልጅ ልጆቼ ጋር አንድ ማዕድ ሳልቀርብ እንዳልሞት ነው ያሉኝ። ምትኩን ሰባት ቀን እጾማለሁ ያሉትም እሳቸው ናቸው።»

ለጾም መፍቻ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ ከመኪናዬ ኋላ እንደጫንኩ በቀጥታ ወደ ሪንከቢ ነዳሁ። አባቴ በር ከፈቱልኝ። ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ በሰሃን የተከደነ ሽሮ አለ። የግድግዳው ሰዓት ሰባት ተኩል ይላል፤ ጾሙ ቢፈታም እሳቸው ዘጠኝ እስኪሆን እየጠበቁ ነው።

«ግን እኮ አልበሉም አባባ» አልኳቸው። «አንድ ፍሬ ድንች እንኳ አልቀመሱም። የምን ምትክ ነው የሚጾሙት?»

ሽሮውን ወደ ዳር ገፋ አደረጉና ጠረጴዛውን በእጃቸው ጠረጉ።

«ለንስሐ አባቴ አልበላሁም ብላቸው ለምን ይሉኛል» አሉ። «ምን ልበላቸው? ልጄን ልንገርባት?»

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፌን ስከፍት በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። የያዝኩትን ድስት ተቀብለው ከፈቱ፣ እንጀራ አወጡ፣ በሰሃን አቀረቡና ከፊቴ አስቀመጡት። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አሉኝ። አልተቆጡም። አልዋጥልሽ አለኝ፤ ግን አባቴ ሲያዙኝ እምቢ ብዬ ስለማላውቅ በላሁ። እሳቸው ከፊት ለፊቴ ተቀምጠው እስክጨርስ አዩኝ።