የጋሽ ድረስ ሁለተኛ ዓይን

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ቦሌ ወዳለ የሥዕል ማሳያ ወሰደችኝ። አንድ ወጣት ሠዓሊ የሰው ፊት ከጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ሥሎ ሰቅሏል። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ አፈረችብኝ፤ ምን ላድርግ፣ ጋሽ ድረስ ትዝ አሉኛ!

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከሥዕል ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር እህል በረንዳ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተን የሥዕል ማሳያ ልንከፍት ተነሣን። መርካቶ ውስጥ ሥዕል! ሰው ጉድ አለ። ጎረቤታችን የጤፍ መጋዘን ስለነበር ብናኙ እርጥብ ቀለም ላይ እየተለጠፈ አሳሩን አሳየን። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ገና አልደረቀም። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ቦንቦሊኖ እየገመጥን፣ ከማዶ በሚመጣው በርበሬ እያስነጠስን እንሥል ነበር። እንዴት ደስ ይል ነበር!

አከራያችን ጋሽ ድረስ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሚዛን የማያጭበረብሩ የጤፍ ነጋዴ። የእህል ገበያውን በሣልኩበት ትልቁ ሥዕሌ ላይ ላከብራቸው ፈለግሁ። ሌሎቹ ነጋዴዎች ወደ ተመልካቹ ፈገግ እያሉ ሚዛኑን በእግራቸው ይጫናሉ፤ እሳቸው ብቻ ወደ ጎን ዞረው ሌብነቱን ያያሉ። በመክፈቻው ዋዜማ ገብተው አዩት።

«አንቺ ልጅ! ሌባውን ሁሉ ሁለት ዓይን ሰጥተሽ እኔን በአንድ ዓይን? ቤተ ክርስቲያን ገብተሽ አታውቂም? በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው!»

ክው አልኩ። «ጋሼ፣ ሌቦቹን እንዲያዩ ብዬ እኮ ነው ያዞርኩዎ።»

«ወይ ዓይኔን ስጪኝ፣ ወይ ቤቴን ልቀቂ!»

«ስጫቸው እባክሽ፣ ለአንድ ዓይን ብለን ጎዳና እንውጣ?» አለ ሰይድ። እየተናደድኩ ፊታቸውን ወደ ፊት አዙሬ ሁለት ዓይን ሣልኩላቸው።

በማግስቱ የሰፈሩ ነጋዴ ግልብጥ ብሎ መጣ። አንድ በርበሬ ሻጭ ሥዕሉን አይቶ፣ «ጋሽ ድረስ፣ ያን የሚያህል ሁለት ዓይን ይዘው ከኋላዎ ሲሰርቁ አያዩም እንዴ?» አላቸው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በቃ፣ አለቀልን አልኩ።

ጋሽ ድረስ ጠጋ ብለው ሥዕሉን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አንቺ ልጅ፣ መልሺኝ! በአንዱም ቢሆን ልይበት።»

መለስኳቸው። ባለቤታቸውን ሳይቀር እያመጡ ያሳዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሌን ያወደሰ ሞልቷል፤ ቦሌም ቢሆን አዋቂ ነኝ ባዩ ብዙ ነው። ሥዕሌ ፊት ቆሞ በራሱ የሳቀ፣ ከሳቀም በኋላ ሐሳቡን የለወጠ ግን እስካሁን እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ እንደሆንኩ ከሙገሳው ሁሉ ያን ሳቅ እመርጣለሁ።