የቅምሻው ሳህን

ታላቅ እህቴ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለሠራተኞች ምሳ ታበስላለች። ሠራተኞቹ «እትዬ ቅምሻ» ይሏታል፤ ማንኪያ ከእጇ አይለይማ። እሷ ግን «እህል በአፌ ሳይዞር ነው የምውለው» ትላለች፤ ስትለውም ከልቧ ነው።

ዘንድሮ ዓይኗ ይጋረድባት ጀመር። ምስር ስትለቅም ጠጠሩ አልታይ አላት። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ ጥርሱን ሊሰብር ምንም አልቀረው፤ ኃላፊዋም «በዚህ ዓይንሽ ከሆነማ ሌላ ሰው እንፈልጋለን» አለቻት። እህቴ ከዚያ ማድቤት ሌላ ዓለም የላትም። ፈራሁላትና እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት።

ሐኪሙ የደም ምርመራዋን አይቶ «ስኳርዎ ከፍ ብሏል፤ በዚሁ ከቀጠለ ዓይንዎን ይጎዳዋል» አላት። ቀጥሎ በቀን ምን እንደምትበላ ጠየቃት።

«ምንም።»

ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «ትቀምሳለች» አልኩት።

«ቅምሻ ምግብ ነው እንዴ?» ብላ ገላመጠችኝ።

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ መድኃኒት አዘዘላት። «ነገ አንድ ነገር በቀመሱ ቁጥር ያንኑ ያህል ሳህን ላይ ያስቀምጡ» ሲልም አከለላት።

እኔን ለማሳፈር ብላ አደረገችው። ከወጡ ማንኪያ፣ በወጡ የተነከረ ቁራሽ ዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ለሻይዋ የምትጨምረው ስኳር። ምሳ ሳይደርስ ሳህኑ ሞልቶ ሌላ አስፈለገ። ዕቃ አጣቢዋ አይታ «ይሄ ሁሉ የማን ምሳ ነው?» አለቻት። ማታ ስትነግረኝ ራሷም አፍራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የምትቀምሰው በማንኪያ ጫፍ ሆነ፤ ሻዩም ያለ ስኳር። ምሳ ሰዓት ላይ የሳህኗን ግማሽ ጎመንና ካሮት ሞልታ፣ ምስርና ትንሽ ሩዝ ጨምራ ከሠራተኞቹ ጋር ትቀመጥ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት በላችና እጇን ሰበሰበች።

«ዘይቱ በዝቷል። እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አላችሁኝ?»

«እትዬ፣ መቼ አብረሽን ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ?» አላት አንዱ መካኒክ።

በማግስቱ ዘይቱን ቀነሰች። ትንሽ አጉረመረሙ፣ ኋላ ለመዱት።

ባለፈው እሑድ ቤት ውስጥ ስኳሯን ስትለካ፣ እንደ ልማዴ ቁጥሩን ላነብላት ጎንበስ አልኩ። ጭንቅላቴን በእጇ ገፋ አደረገችው።

«ዞር በይ፣ ጋረድሽኝ።»

ቁጥሩን ራሷ አነበበችው። ወርዷል። እንባዬ መጣ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። «ተነሺ፣ ምሳ ሰዓት ደርሷል። ቁጭ ብለን እንብላ።»