ለሲኞራዬ አያት ያለቀስኩበት ጉድጓድ

የልጅ ልጆቼ «ኖና፣ ያን የእርሳስ ጉድጓድ ጉዞ ይንገሩን» ብለው ያዙኝ። እሺ፣ እኔ ልናገር፣ ከልጅ ልጆቼ ትልቋ ሣራ ትጻፍ። አብራኝ ስለነበረች ብሳሳት ታርመኛለች።

ያኔ ሮማ ውስጥ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ አንዲት የዘጠና ዓመት ጣሊያናዊት እመቤት፣ ሲኞራዬን፣ አስታምም ነበር። አያታቸው ዌልስ የሚባል አገር፣ እርሳስ የሚሉትን ብረት ሊቆፍሩ ሄደው፣ ጉድጓዱ ተንዶባቸው እዚያው ቀርተዋል። አስከሬናቸው አልወጣ፣ ሄዶ ያለቀሰላቸው የለ። አንድ ቀን ሲኞራዬ እጄን ያዙና፣

«ታደለች፣ እኔ ከአልጋ አልወርድም። ሳልሞት አንድ ሰው ሄዶ ያልቅስላቸው። አንቺ ታውቂበታለሽ፤ የወንድምሽን መርዶ የሰማሽ ቀን የሕንጻው ሰው ሁሉ አይደል የወጣው!» አሉኝ።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አልኳቸው።

ትኬቱን እሳቸው ቆረጡልን። ከተርሚኒ ጣቢያ በባቡር፣ ከዚያ በአውሮፕላን፣ እንደገና በባቡር፣ መጨረሻ ላይ እኛን ብቻ በጫነ አውቶቡስ። ዳቦና የእንቁላል ፍሪታታ ይዤ ነበር፤ ሾፌሩንም አካፈልኩት። ዝናቡ አይጥልም፣ አያባራም። ተራራው አረንጓዴ፣ በጉ ከሰው የሚበዛ አገር ነው።

በማግስቱ አንድ በግ አርቢ ሽማግሌ ጉድጓዱን ሊያሳየን መራን። ድሮ ወንዙ ትልቅ መዘውር እያዞረ ድንጋዩን ያስፈጭ ነበር አለ። ኋላ የእርሳስ ዋጋ ሲወድቅ ባለቤቶቹ ጥለውት ሄዱ። የቀረው ጣሪያ የሌለው ቤትና በድንጋይ የተደፈነ የዋሻ አፍ ነው። ዙሪያውን ሣር የሚባል የለም።

«እርሳሱ አፈሩን መርዞታል፤ በጎቼን አላስጠጋም» አለን፤ ሣራ ታስተረጉምልኛለች።

ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ደረቴን እየመታሁ፣

«አንተ የሰው አገር ሰው! የልጅ ልጅህ ልካኛለች! ደጅህ ድረስ መጥቼልሃለሁ!» ብዬ ለቀቅኩት።

«ኖና፣ ቀስ ይበሉ፣ ሰውየው ያያል!»

«ይይ! ለቅሶ በሹክሹክታ አይሆንም!»

ዞር ስል ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ እንባው ይወርዳል። ለእኛ አዝኖ መስሎኝ አመሰገንኩት። ቤቱ ወስዶ ሻይ በወተት አጠጣን፤ ስንሰናበተው ግን እጄን ቶሎ አልለቅ አለኝ።

ሮማ ስገባ ሲኞራዬ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ፣

«አለቀስሽላቸው?»

«እስኪወጣልኝ። አንድ ሽማግሌም አብሮኝ አለቀሰ።»

«አሎራ፣ እንግዲያ ብቻሽን አልነበርሽማ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያ ቀን ጥሩ እንቅልፍ ተኝተው አላየኋቸውም። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ።

ከዓመታት በኋላ ሣራ ለሥራ ወደዚያው ስትሄድ ሽማግሌውን ልትጠይቀው ጎራ አለች። ያኔ ነው የነገራት። ለካ የእሱም አያት እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው፤ ናዳው የወረደባቸው ከሲኞራዬ አያት ጋር አብረው ሲቆፍሩ ነው። ቤተሰቡ ሐዘኑን በሆዱ ይዞ ኖረ እንጂ፣ እዚያ ደጅ ቆሞ ጮክ ብሎ ያለቀሰ ሰው እኔ እስክሄድ አልነበረም።