ስድስቱ ቁጥሮች ለሁላችንም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሶዶ ገበያ አጠገብ ባለ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ አራት ሆነን እንሰበሰባለን፦ ባለሱቁ፣ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ ወጣት ሐኪም፣ ታሪኩን የምትመራልን የሂሳብ መምህርትና እኔ። የምንጫወተው በወረቀትና ዳይስ በሚባሉ ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠሮች፣ በምናብ አገር ነው። ለየታሪኩ እያንዳንዳችን አንድ አዲስ ገጸ ባሕሪ ፈጥረን በእሱ አፍ እንናገራለን።

አፈጣጠሩ በዕድል ነበር። ሦስት ዳይስ ይጣላል፣ ድምሩ ለጉልበት ይጻፋል፤ እንደገና ይጣላል፣ ለቅልጥፍና፤ እንዲህ እያለ እስከ ስድስተኛው፣ እስከ አንደበት። የእኔ ሦስት ገጸ ባሕሪያት በሙሉ ጉልበታም ዲዳ ሆነው ወጡ።

«እህት ዓለም፣ ዘንድሮም ዕቃችንን ያንቺዋ ትሸከማለች» ይላል ባለሱቁ።

እስቃለሁ። ግን አማርኛ የአፍ መፍቻዬ አይደለም፤ በልቤ አርሜው እስክጨርስ ወሬው የሚያልፈኝ ሰው ነኝና፣ እዚያ የሄድኩት ለመናገር ነበር። አራተኛዋም ዲዳ ከሆነች ላልመለስ ቆረጥኩ።

መጀመሪያ የሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ሻንቶ በምትባል ትንሽ ከተማ አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ገጽ መዝለል አልችልም።

«ነጥብ እኩል እንከፋፈል» አልኩ በሚቀጥለው ቅዳሜ።

«ያለ ዕድል ምን ጨዋታ አለ!» ባለሱቁ ጮኸ።

«እሺ፣ ዳይሱን ሁላችንም እንጣል። የወጡትን ስድስት ቁጥሮች ሁላችንም እንውሰድ። የት እንደምናስቀምጣቸው ግን እያንዳንዳችን እንምረጥ።»

መምህርቷ የሚወጣውን ልትጽፍ ጠመኔዋን አነሳች። አሥራ አምስት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ። የመጨረሻውን ባለሱቁ ጣለ፤ አምስት። ሁሉም ተንጫጩበት።

እኔ አምስቷን ለጉልበት፣ አሥራ አምስቱን ለአንደበት ሰጠሁ።

«እርስዎ? አንደበት ላይ?» አለ ሐኪሙ።

«እኔ።»

ጨዋታው ተጀምሮ ከአንድ የተዘጋ የከተማ በር ደረስን። መምህርቷ ድምጿን አጎርንና፣ በረኛውን ሆና «ተመለሱ!» አለች። ሐኪሙ ሰይፍ መዘዘ።

«ዶክተር፣ ይቆዩ» አልኩና ወደ በረኛው ዞርኩ። «አባቴ፣ ዝናቡ እየመጣ ነው። የማማዎ ጣሪያ ቀዳዳ ነው፣ ከዚህ ሆኜ አየሁት። ይሄ ሰይፍ የያዘ ጎረምሳ ሣር ማልበስ ያውቃል። ያስገቡን፤ ሳይዘንብ ይጨርስልዎታል።»

ሐኪሙ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ ዳይሱን ወደ ጎን ገፋችው። «አያስፈልግም፤ ይከፈታል።»

«አይሆንም» አልኩ። «ሕጉ ይጣላል ይላል። ድምሩ ከአንደበቴ ቁጥር፣ ከአሥራ አምስት፣ ካልበለጠ ነው የሚከፈተው።»

ጣልኩት። አሥራ አራት።

ባለሱቁ ጣቃውን በጡጫ እየደበደበ «ገባን!» ሲል ገበያተኛው በመጋረጃው አጮልቆ አየን። ያን ሁሉ የተናገርኩት ቆሜ እንደነበር ያወቅሁት ወንበሬን በእጄ ስፈልግ ነው።