ካውያ ቤተሰቡን የረታበት እሑድ

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ለሰፈሩ ሰው ካውያ ነው። ሠላሳ ዓመት ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኩሷል፤ ሱሪ ላይ የሚያወጣው መስመር ዝንብ ቢያርፍበት ለሁለት ይሰነጥቃል ይባልለታል። የራሱ ሱሪ ግን ከአልጋ ሥር የወጣ ይመስላል።

ሌላም የሚባልለት ነገር ነበር። በቀን አንድ ፓኮ ሲጋራ ያጨሳል። ሚስቱ አስም ስላለባት ገና ሲጋቡ አንዲት ሕግ አወጣች፤ ጭስ ደጃፍ አያልፍም። ካውያ በሃያ ሰባት ዓመት ትዳሩ አንዲት ሲጋራ ቤት ውስጥ ለኩሶ አያውቅም። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ዝናብም ይሁን ብርድ ጃኬቱን ደርቦ እስከ ግቢው በር ይወርዳል፣ አጭሶ ይወጣል። የሰፈሩ ሴቶች ባሎቻቸውን ሲጨቀጭቁ «ከካውያ ተማር» ይሉ ነበር። አንዱ ባል «ምኑን ልማር፣ ማጨሱን ነው መውረዱን?» ብሎ መለሰ አሉ።

ባለፈው ክረምት ሚስቱ ትንፋሽ አጥሯት አምስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። ከወጣች በኋላ ልጃቸው፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊዋ፣ አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ጃኬትህ ራሱ ይሸታል። ወይ ሲጋራውን ትተዋለህ፣ ወይ እማዬን ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ። የኔ ቤት ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለው፣ ጭስ የለው።»

ካውያ ያን ቀን ሸሚዝ አቃጠለ። በሠላሳ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ያለ ሚስቱ መኖር እንደማይችል ራሱ ያውቃል፤ ካልሲው የት እንደሚቀመጥ እንኳ የምታውቀው እሷ ናት።

አብሮት የሚሠራ ልብስ አጣቢ ቬፕ የሚሉትን ነገር አመጣለት። እስክሪብቶ የሚያክል፣ ባትሪ ያለው፣ ፈሳሹን እያሞቀ የሚያተን፣ ማንጎ ማንጎ የሚል። ካውያ ሦስት ሳምንት ሲጋራ የሚባል አልነካም። ጠዋት ጠዋት ሕንጻውን ሁሉ የሚቀሰቅሰው ሳሉ ቀነሰ። ሰውየው ልቡ ቅቤ ጠጣ። የቀረው ቤተሰቡን ማሳመን ነው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ልጁና የሚስቱ ወንድም ተሰበሰቡ። ወንድምየው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መሪ ካስረከበ ወዲህ የሚያሽከረክረው ምላሱን ነው።

«ይሄ ጡጦ ነው» አለ ቬፑን እያገላበጠ። «በሃምሳ አምስት ዓመትህ ጡጦ ጀመርክ። ጠብተህ ስትጨርስ ማን ነው የሚያስገሳህ?»

«አንተ ቀልድ። ሲጋራ ግን አይደለም።»

«ይጨሳል አይደል እንዴ አባዬ?» አለች ልጁ።

«አይጨስም፣ ይተናል። እንፋሎት ነው። እኔን ስለ እንፋሎት ልታስተምሪኝ ነው?»

ላውንደሪ ቤት ክርክር የሚፈታው በነጭ ጨርቅ ነው። ደንበኛ «ልብሴ አልጸዳም» ብሎ ከተነሣ፣ ካውያ ነጭ ጨርቅ አርጥቦ ልብሱ ላይ ይጫናል። ጨርቁ ካልቀለመ ደንበኛው አፉን ይዘጋል። ዳኛውም ምስክሩም ጨርቁ ነው። እናም ካውያ ሁለት ነጭ መሀረብ አወጣ። ለሕጉ ሲል አማቹን አስከትሎ ግቢው በር ድረስ ወረደ፤ አንዲት ሲጋራ ለምኖ ለኩሶ ጭሱን በአንደኛው መሀረብ አሳልፎ ተነፈሰና ይዞት ወጣ። መሀል ላይ የበሰበሰ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ክብ ወጥቶበታል። ከዚያ ሁለተኛውን መሀረብ አፉ ላይ አድርጎ ሁሉም እያዩት በቬፑ አሥር ጊዜ ተነፈሰበት። ዘረጋው። ነጭ ነው።

አማቹ መሀረቡን አገላበጠ። «እኔ ይሄን የመሰለ ነገር አላየሁም» አለ።

ጥግ የተቀመጠችው ሚስቱ መሀረቡን ተቀብላ አየችው። እሷም የላውንደሪ ሰው ነበረች። ሳያገባት በፊት እድፍ ማስለቀቂያው ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ፣ ደረቷ እምቢ ሲላት ነው የወጣችው።

«ማስለቀቂያው ፈሳሽም እኮ ነጭ ጨርቅ ላይ አይታይም» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት ጨርቁ ነጭ ነው እያልኩ ነው እንዲህ የሆንኩት።»

«አንቺ ደግሞ» አለ ወንድሟ። «ሰውየው ሳሉ ለቀቀው፣ አንቺ ሟርት ታወሪያለሽ።»

ልጅቷ ስልኳን ስታገላብጥ ቆየች። «ላንተ ከሲጋራው ይሻልህ ይሆናል» አለች በመጨረሻ። «ለእማዬ ግን አላውቅም።»

ካውያ የመጀመሪያዋን ሰማ። ሁለተኛዋ ስትነገር መሀረቡን እያጠፈ ነበር።

ያን እሑድ ነገርየው ምን እንደሆነ ሲከራከሩ ዋሉ፤ የት እንደሚያጨሰው የጠየቀ የለም። ልጅቷ እናቷን ትታ ሄደች። ካውያ ረታ።

በማግስቱ ዝናብ ነበር። ካውያ ጃኬቱን አነሣና መልሶ ሰቀለው። ለእንፋሎት ብሎ ከቤቱ የሚወጣ ማን ነው? መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወንበሩ ላይ ሆነ፤ ከዚያ አልጋው ላይ። ሲጋራ አልቆ ይጠፋል፤ ይሄ አይጠፋም፣ ጠዋት የጀመረውን ማታም ይጠባዋል። ሚስቱ መስኮት ትከፍታለች፣ እሱ «ብርዱ ይጎዳሻል» ብሎ ይዘጋል፤ ከልቡ አዝኖላት ነው። ሻሿ፣ ትራሷ፣ ዳቦው ሳይቀር ማንጎ ማንጎ አለ። እሷ በሰው ፊት ተረትታለች፤ እንደገና ክርክር መግጠም ደግሞ ትንፋሽ ይጠይቃል።

ካውያ ሥራ የሌለው ቀን እሷ ሁለተኛ ፎቅ ካለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ መዋል ጀመረች። ቁልፍ እተክልላታለሁ ብላ። ሕንጻው በሙሉ አወቀ፤ አንዷ ልብስ ትሰፋለች፣ አንዷ ጥግ ይዛ ትተነፍሳለች እየተባለ ተሳቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ያልሰማው ካውያ ብቻ ነው። ወሬው ግን እግር አለውና ልጅቷ ቤት ደረሰ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ካውያ ለምሳ ሲመጣ የሚስቱ ሻንጣ በር ላይ ቆሟል፤ ልጁ አጠገቡ ናት።

«ምንድን ነው ይሄ? ከሲጋራ ይሻላል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ሲጋራ ስታጨስ ትወርድ ነበር፣ አባዬ» አለች ልጁ።

ካውያ ቆመ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ከዛሬ ጀምሮ እወርዳለሁ። እንደ ድሮው።»

«ውረድ» አለች ሚስቱ። ቃሏን በየመሀሉ እየተነፈሰች ነው የምትጨርሰው። «እኔ አልተጣላሁህም። አየር ፈልጌ ነው።»

ሻንጣውን ራሱ ተሸከመ። ሚስቱ በየፎቁ ቆመች፤ እሱም ሻንጣውን ይዞ በየፎቁ ቆመ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ልብስ ሰፊዋ በሯን ገርበብ አድርጋ ስታያቸው አንገቱን ደፋ። ታክሲው ጋ ደርሰው «መቼ ነው የምትመለሺው?» አላት።

«ደረጃው ሲያጥር» አለችና ለመሳቅ ሞከረች፤ ሳል ሆነባት።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ልጁ ቤት ይሄዳል። ቬፑን አልተወም፤ ወደ ሲጋራም አልተመለሰም። ልጁ በር ላይ አንገትጌውን አሽትታ ነው የምታስገባው፤ ስለዚህ ከላውንደሪው የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል። ሚስቱ ድምፁን ስትሰማ ከጓዳ ትወጣለች። ከጓዳው እስከ እሱ ወንበር ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። አራተኛው ላይ ግድግዳውን ይዛ ትቆማለች፤ እሱም ተነሥቶ ይቁም ወይስ ተቀምጦ ይጠብቃት ሳይለይለት፣ እስክትደርስ ወለል ወለሉን ያያል።